የጠፈሩን ድራማ ያረመው ሰው

ጠፈር ላይ መርከብ ሲፈነዳ ድምፁ ይሰማል? ይሰማል ወይስ አይሰማም? ዙሪያ ጥምጥም አልፈልግም፤ አንዱን ምረጡና በሉኝ።

ባለፈው ወር ይህንኑ ጥያቄ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ ሰው በተሰበሰበበት ጠይቄው ነበር። ጠፈርተኞች ከመርከብ ወደ መርከብ በመስኮት ሲጠራሩ የሚያሳይ ድራማ ሠርቶ የተጨበጨበለት ሰው ነው። ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ድራማ እኮ ነው! ሰው ሲዝናና ሳይንሱ ምን አደረገሽ?» አለኝ። ተሰብሳቢውም አብሮት ሳቀ። ማይክራፎኑን ተቀበሉኝ። ባይቀበሉኝ ኖሮ የምነግራቸው ስለ አንድ የፊዚክስ መምህር ነበር። እነሱ መስማት አልፈለጉም፤ እንግዲያው እናንተ ስሙኝ።

መምህር ወልደሩፋኤል አባቴ ነው። ከጎንደር ተመድቦ ነገሌ ቦረና የመጣው እኔ ሳልወለድ ነው። እናቴ አሰገደች በጓደኛዬ በሚስራ አባት ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ስምንት ዓመቴ ነው፤ የማውቀው ዓለም ከጦር ሠፈሩ አጥር እስከ ገበያው ያለው ቀይ አቧራ ነው። ከዚያ የሚሰፋው እሑድ ብቻ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ይከፈታል። ቴሌቪዥኑ በር ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ጓድ ሙሉነህ ኪስ ውስጥ ነው። ጓድ ሙሉነህ የከተማችን ካድሬ ነበር፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ፊቱ ሁልጊዜ የተላጨ። የቴሌቪዥን ሥርጭት እስከ እኛ ስለማይደርስ ድራማው በካሴት ተቀድቶ በአውቶቡስ ይመጣልናል። ስለ ጠፈር መርከብ የሚያወራ ተከታታይ ድራማ ነው፤ «ወንድም የሶሻሊስት አገር» የሠራው፣ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ። ጀኔሬተሩ ውጭ ይጮኻል፤ የናፍጣ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ይንቋቋል፤ እኛ ልጆች ከፊት መሬት ላይ እንደረደራለን።

እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ የሚመልሰው አባቴ ነው። አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ የሚመልሰው ደግሞ ዲባ ነው፤ የከብት ክትባት ሠራተኛ፣ የአባቴ ወዳጅ። ስለዚህ እኛ አዳራሽ ሳቅ ሁለት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ የአስተማሪዎቹ፣ የነጋዴዎቹና የወታደሮቹ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ከኋላ የከብት አርቢዎቹ።

«መርከቧ ተመታች» ይላል አባቴ።

ሳጥኑ ቧ! ይላል።

«ይኼን ድምፅ እንዳልሰማችሁ ቁጠሩት፤ ስህተት ነው። ድምፅ የሚሄድበት አየር ይፈልጋል። እዚያ አየር የለም።»

«መምህር፣ ታዲያ ጆሮዬን ልድፈን?» ይላል አንድ ወታደር ከግድግዳው ጥግ።

«ዘብ ስትጠራ እንደምትደፍነው አድርገህ ድፈነው!»

አንዱ ሳቅ ይነሣል። ዲባ ይተረጉማል። ሌላው ሳቅ ይነሣል።

አባቴ ድራማውን የሚጠላ እንዳይመስላችሁ። ከሁላችንም በላይ የሚወደው እሱ ነበር። ማንኪያ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ካየ «እሰይ! እንዲህ ነው!» ብሎ ያጨበጭባል። «ያልተፈጠረ ነገር መፍጠር መብታቸው ነው» ይለኝ ነበር ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዞ። «እግዜር የሠራውን ግን ማበላሸት አይችሉም።» ዛሬ ድራማ ለሚሠሩት ሁሉ ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም፤ የሚሰማ ካለ።

እናቴ ግን አትስቅም ነበር።

«ወልዴ፣ ተርጉም ተባልክ እንጂ አርም ተባልክ?» ትለዋለች ማታ እግሩን ሲታጠብ።

«ስህተቱን ዝም ብዬ ካሻገርኩት ስህተቱ የኔ ሆነ ማለት ነው።»

«የሰውየው ዓይን ደስ አይልም።»

«የማን?»

«የማን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ልጅቷ ትሰማለች።»

እኔ የድራማውን የመርከብ አዛዥ የምትል መሰለኝ። እውነትም ዓይኑ ደስ አይልም፤ ቅንድቡ የተገጣጠመ ነበር። እናቴ አዳራሹ ውስጥ ከፊታችን ቆሞ፣ አባቴን እንጂ ድራማውን ስለማያይ ሰው እንደምትናገር አልገባኝም።

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። በዱብሉቅ መንገድ የመጡ ሾፌሮች በመንገዱ ግራና ቀኝ ስለወደቁ ከብቶች ያወሩ ነበር። አርቢዎቹ ከቆላው እየወጡ ከተማው ውስጥ ጥላ ፍለጋ ይቀመጣሉ፤ እሑድ አዳራሹን የሚሞሉት እነሱ ሆኑ። ከእነሱ አንዱ አባ ጣዲቻ ናቸው፤ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ፣ ነጭ ጥምጥም፣ ከእጃቸው የማትለይ በትር። ሲገቡ «አካም? ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነት ይጠይቃሉ፤ የልጆቹን መልስ እንኳ ሳይሰሙ አይቀመጡም።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ዲባ ካደግሁ በኋላ የነገረኝን ነው። ቦረና ሰላምታውን ሲጨርስ ወሬ ይጠያየቃል። ዝናብ የት ዘነበ፣ የትኛው ጉድጓድ ውኃ አለው፣ የት በሽታ ገባ። ወሬ ያወራ ሰው በወሬው ይጠየቅበታል። «አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» ሲሉት መመለስ አለበት፤ ምክንያቱም የእሱን ቃል ያመነ ሰው በማግስቱ ከብቱን ነድቶ ይሄዳል። ወሬው ውሸት ከሆነ ሰውየው ከነልጆቹ መንገድ ላይ ያልቃል። በዚያ አገር ወሬ ጨዋታ አይደለም።

ያን እሑድ መርከቧ አንዲት የደረቀች ዓለም ላይ አረፈች። አፈሯ ቀይ ነው፤ ዛፎቿ አጥንት መስለው ቆመዋል። ከኋላ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማሁ፤ አርቢዎቹ አገራቸውን ያዩ መስሏቸዋል። የመርከቧ ሐኪም ከሻንጣ የማይበልጥ ሳጥን አወጣች። አንድ ነገር ተጫነች። ደመና የሚባል ነገር ከሌለበት ጥርት ካለ ሰማይ ዝናብ ወረደ። ዶፍ።

ከኋላ ያሉት ሁሉ ተነሡ። አንዲት ሴት እጇን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግታ ስታለቅስ አየሁ።

አባቴ አፉን ከፍቶ ሳይናገር ጓድ ሙሉነህ ከፊት ዘሎ ቆመ።

«ጓዶች! ያያችሁት ተረት አይደለም! የወንድም አገር ሳይንስ የደረሰበት ነው! ይህ መሣሪያ በቅርብ ጊዜ ለሰፊው ሕዝብ ይደርሳል። ከብት እየነዱ መንከራተት ከእንግዲህ ይብቃ! እዚሁ ጠብቁ!»

ዲባ አንገቱን ደፍቶ ተረጎመ። አባ ጣዲቻ ከቆሙት መካከል ወደ ፊት ወጡ። ወደ ጓድ ሙሉነህ አልዞሩም፤ አባቴን እያዩ ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ምንድነው የሚሉት?» አለ ጓድ ሙሉነህ።

«መምህሩን ነው የሚጠይቁት» አለ ዲባ። «ነገ ከብቶቼን ይዤ ሣር ወዳለበት ወደ ሊበን ሜዳ ልነሣ ነበር ይላሉ። ይህ ዝናብ እውነት ከሆነ እጠብቃለሁ፣ ጎረቤቶቼም ይጠብቃሉ። እውነት ነው ወይስ አይደለም ይላሉ።»

«ጥያቄ ካለ ለኔ ነው የሚቀርበው!»

ዲባ ይህንንም ነገራቸው። አባ ጣዲቻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህን ወሬ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሰማነው ከመምህሩ አፍ ነው ይላሉ። የሚመልስልን እሱ ነው ይላሉ።»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ደግሞ ጠረገው። የሚተረጉመው ቃል የጠፋው መስሎኝ አፈርኩለት።

«አባቴ፣ እውነት አይደለም» አለ። «ደመና በሌለበት ዝናብ የሚያዘንብ ሳጥን የለም። እዚያ አገርም የለም፣ የትም አገር የለም። ይህን የጻፈው ሰው ተሳስቷል። እዚህ አይጠብቁ፤ ሣር ወዳለበት ይሂዱ።»

ዲባ ወደ አባቴ ተጠጋ። ከዚያ በሹክሹክታ «መምህር፣ እንዳለ ልንገራቸው?» አለው።

«እንዳለ ንገራቸው።»

ነገራቸው። አባ ጣዲቻ በትራቸውን ይዘው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጓድ ሙሉነህ የሳጥኑን በር ገጥሞ ቁልፉን አዞረ። እኔ የተናደድኩት ድራማው ሳያልቅ በመዘጋቱ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። ላንድሮቨራቸው ደጃችን ቆሞ ሞተሩ አልጠፋም። ሰላምታቸው ትሕትና ነበረው።

«መምህር፣ ስለ ድራማው አንዳንድ ነገር እንዲያስረዱን ነው። ብዙ አይቆዩም።»

አባቴ እጁን ታጠበ። «አሰግዬ፣ ጃኬቴን አምጪልኝ» አለ።

በዚያ ሙቀት ጃኬት! ያኔ ነው የገባኝ፤ ገባኝ ያልኩት። ድራማው የሚሠራው ብርድ አገር ነው፤ መርከበኞቹ ሁሉ ወፍራም ልብስ ነው የሚለብሱት። አባቴን የሚወስዱት እዚያ ነው። ስህተት አገኘባቸው፣ ሰሙ፣ እንዲያርምላቸው መኪና ላኩ! ዛሬ ሳስበው፣ አባቴ ጃኬት የጠየቀው ሲሚንቶ ላይ እንደሚተኛ ስላወቀ ነው።

ጎንበስ ብሎ ሳመኝ። «ዘርዬ፣ እስክመጣ ድራማውን እይልኝ። ስህተት ካለ ትነግሪኛለሽ።»

«እነግርሃለሁ፣ አባባ።»

እናቴ በሩን ይዛ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ስለዚህ ደስ ብሏታል ማለት ነው ብዬ ወደ ሚስራ ሮጥኩ።

«አባቴን ድራማው የሚሠራበት ወሰዱት! ሊያርምላቸው!»

«ውሸታም!»

«እመብርሃንን!»

«ወላሂ በይ።»

«የኔ መሐላ አይበቃሽም?»

ሚስራ ወደ አባቷ ሮጣ ነገረችው። ሰውየው ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ከጠርሙሱ አንድ እፍኝ ከረሜላ ዘግኖ እጄ ላይ አፈሰሰልኝና ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ምሳ ዕቃ ይዛ ከአስተዳደሩ ግቢ ጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ በር ትሄዳለች፤ እኔም እከተላታለሁ። ዘበኛው ሙሉውን ይቀበላል፤ የትናንቱን ባዶ ዕቃ ይሰጠናል።

«እማ፣ እዚያ እስኪደርስ አይቀዘቅዝም?»

«ያሞቁለታል።»

አንድ ቀን የሚታጠብ ሸሚዝ ሰጡን። ጀርባው ላይ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ቀይ ቡናማ ነገር ነበር። የዚያች የደረቀች ዓለም አፈር መሰለኝ፤ አባባ እዚያም አርፏል ብዬ ሸሚዙን ወስጄ ለሚስራ ላሳያት ፈለግሁ። እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። በሕይወቷ እንዲያ አድርጋ ስትነጥቀኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ ሌላ ቀን መጣ። ዘበኛው ምሳ ዕቃውን አልተቀበለም።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ስንቅ አያስፈልግም።»

«ለምን? ወዴት ተዛወረ?»

«እኔ አላውቅም። እንዳትቀበል ተብያለሁ።»

«ወንድሜ፣ በእናትህ—»

«እትዬ፣ አላውቅም አልኩሽ! ሂጂ። ልጅቷን ይዘሽ ሂጂ።»

እናቴ እዚያው አቧራው ላይ ተቀመጠች። ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አቀፈችው።

«እማ፣ እነሱ ራሳቸው ማብላት ጀመሩ ማለት እኮ ነው!» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«አዎ» አለች። «እነሱ ያበሉታል።»

በዚያ ዘመን «ስንቅ አያስፈልግም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ በኢትዮጵያ ምድር የማያውቅ አዋቂ አልነበረም። የሞት ወረቀት አይጻፍም፤ ሬሳ አይሰጥም፤ ሞተ የሚል ስለሌለ ለቅሶም አይፈቀድም። ጥቁር የለበሰች ሚስት «ማን ነገረሽ?» ተብላ ትጠየቃለች። እናቴ በማግስቱ የምትወዳትን አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች።

ያን ሳምንት ሥራ በዛላት። መንገዱ ሁሉ ልብስ ተሸክሞ መጣ። የመምህራን ሚስቶች፣ የገበያ ሴቶች፣ የሚስራ እናት፣ የማላውቃቸው ሴቶች። አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ቀሚስ ወይም ሱሪ ይሰጧታል፤ አጠገቧ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አውርደው ይቆዩና ይሄዳሉ። አቧራው ነው የሚሉት። ሁሉን ነገር ማየት ስለምወድ ልብሶቹን እያገላበጥኩ አየሁ፤ አንዱም የተቀደደ ቦታ የለውም። እናቴም ደህናውን ስፌት እየፈታች መልሳ ትሰፋዋለች። አዋቂዎች የሚያደርጉት አይታወቅም ብዬ ተውኩት። የአባቴ ለቅሶ ያ ነበር። እፊቴ ተለቀሰ፤ እኔ ገበያ ደራላት ብዬ ተደሰትኩ።

ድራማው አልቆመም። አባቴ በሌለበት ማንም አይተረጉምም፤ ዲባ ግን እየመጣ ከግድግዳው ጥግ ይቆማል። እኔ ከፊት ተቀምጬ ስህተት እጠብቃለሁ፤ አደራ አለብኝ። አንድ እሑድ የመርከቧ ሰዎች ሲያወሩ ቆይተው ጠላት መጣ። ካሜራው ወደ ውጭ ወጣ። ጥቁር ሰማይ። የጠላት መርከብ ተመታ፤ እሳቱ እንደ አበባ ተከፈተ። ድምፅ የለም። ቧ የለ፣ ምን የለ። እሳት ብቻ፣ ዝም ያለ እሳት።

ዘልዬ ተነሣሁ።

«አባባ አስተካከለው! አያችሁ? አባባ ድምፁን አስጠፋው!»

ወደ ኋላ ዞሬ አየኋቸው፤ የሚያጨበጭብ ፈለግሁ። ጆሮዬን ልድፈን ይል የነበረው ወታደር ቆቡን አውልቆ መሬት መሬት ያያል። ዲባ በመዳፉ ፊቱን ሸፍኗል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ሁለት ጊዜ በሚመጣበት አዳራሽ ያን ዕለት የመጣው ልቅሶ ነበር፤ አፍ ተይዞ፣ ድምፅ ሳይወጣው። የደስታ እንባ መሰለኝ።

«ማናት ይህቺ?» አለ ጓድ ሙሉነህ።

ማንም አልመለሰለትም። ሁሉም ያውቁኛል፤ ማንም አልመለሰለትም። ዲባ መጥቶ አቀፈኝና ወደ ቤት ወሰደኝ።

የድምፅ ማጉያው ሽቦ ላልቶ ነበር። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ይቆራረጥ እንደነበር፣ የአዳራሹ ዘበኛ ሳጥኑን በጥፊ እየመታ ያስነሣው እንደነበር፣ ያን ጊዜም ፍንዳታው ላይ እንደጠፋ ዲባ ነገረኝ። የነገረኝ ግን አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ነው፤ መንግሥት ተለውጦ፣ እስረኞች ተፈትተው፣ እናቴና እኔ በየአውቶቡሱ በር ቆመን የሚወርደውን ሰው ፊት ስንመለከት ከከረምን በኋላ። እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር፤ ይህን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ስንት ስህተት አገኘባቸው?

አባ ጣዲቻ ከብቶቻቸው ተርፈውላቸው ነበር። ዝናቡ ሲመለስ አንዲት ግራጫ ጊደር እየነዱ መጥተው ግቢያችን ውስጥ አሰሩ። ከእናቴ ጋር በቅጡ የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም፤ ጊደሯን አመለከቱ፣ እኔን አመለከቱ፣ ጥምጥማቸውን ፈትተው ራሳቸውን ባዶ አድርገው ቆሙ። ከዚያ ሄዱ። እኔ ለትርጉም ሥራው የተሰጠ ስጦታ መሰለኝ። ጓድ ሙሉነህን አምነው የጠበቁትስ? ባዶ እጃቸውን ወደ ክብረ መንግሥት ወርቅ ቁፋሮ በእግራቸው የሄዱ ነበሩ። ያልደረሱም ነበሩ። ድራማ እኮ ነው!

እናቴ ጥቁር ሳትለብስ ሞተች። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ሲንኳኳ ቀድማ የምትነሣው እሷ ነበረች። ጓድ ሙሉነህ ግን አለ። አቶ ሙሉነህ ሆኖ፣ ጥቂት ዓመት ታስሮ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ ላይ የሚመርቅ ሽማግሌ ሆኗል። ቤቱ ድረስ ሄጃለሁ። ሻይ አቀረበልኝ። «ልጄ፣ እኔ ለበላይ ሪፖርት አደረግሁ እንጂ የሠራሁት የለም» አለኝ። «የት እንዳደረሱት ታውቃለህ?» አልኩት። ስኳሩን ሲያማስል ቆየ። «ይህ በር ተዘግቶ፣ ለብቻችን፣ ረጋ ብለን የምንነጋገርበት ነገር ነው» አለኝ። አላውቅም አላለም። ተነሥቼ ወጣሁ።

አቶ ሙሉነህ፣ በር ዘግቼ አልሰማህም። አባቴ የተጠየቀውን የመለሰው ሕዝብ ፊት ቆሞ ነው። አንተም ነገሌ ቦረና ትመጣለህ። ዲባ በሕይወት አለ፤ የአባ ጣዲቻ ልጆች አሉ፤ የተማሪዎቹ ልጆች አሉ፤ ልብስ ይዘው ከመጡት ሴቶች ገና ያልሞቱ አሉ። እነሱ በተሰበሰቡበት፣ እኔም ባለሁበት፣ በአማርኛ ትናገራለህ፣ በኦሮምኛ ይተረጎማል፤ መምህር ወልደሩፋኤልን የት ቀበራችሁት?